የማን ሰባ ሰባት?

አስመራ፣ ሓዝሓዝ
እሁድ፣ በእናንተ ጥቅምት 27 ቀን 1987፣ በእኛ ሕዳር 6 ቀን 1994

ለደጉ፣ ደሴ፤

ሰላምታዬ እንደ ድሮው ባይረዝም አትቀየመኝ፤ ደክሞኛል። ጉንፋን አይደለም፣ ወገቤም አይደለም፤ ዝም ብሎ ድካም ነው። ክሳነት ደህና ናት። ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ በቁመት እኔን አልፋለች፣ በምላስ ደግሞ አንተን። አማርኛዋን ግን እየረሳችው ነው። ባለፈው "እማ፣ ማሾፍ ምን ማለት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። የአንተ ልጅ ሆና ይህ ቃል ሲጠፋት ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ። እኔ ያው ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ ዓይኔ ስለደከመ መርፌው ውስጥ ክር የምታስገባልኝ እሷ ናት።

ቀኑን ሁለት ጊዜ የጻፍኩት ለማሾፍ እንዳይመስልህ። ላወራህ የተነሳሁት ነገር ከዚያ የመጣ ነው።

የኣቦይ ወልደኣብን ገንዘብ መቼም አልረሳኸውም። እናትህንና እህትህን ከድርቁ ለማውጣት ተበድረህ፣ እኔ ዋስ ሆኜ የፈረምኩበትን። ጥቂቱን ከፍለህ ነበር፤ ከዚያ ጦርነቱ ባሰ፣ ኑሮው ተወደደ፣ እሳቸውም ትዕግሥተኛ ሰው ስለነበሩ አልጠየቁንም፣ በመጨረሻም መንግሥት ሲለወጥ አንተ ወደ አገርህ ሄድክ። ኣቦይ ወልደኣብ ባለፈው ዓመት ዐረፉ። ከመሞታቸው በፊት ሁለት ዓመት ያህል አንደበታቸው ተይዞ ተኝተው ነበር። ልጃቸው ኣማን ከትግሉ ሜዳ ሲመለስ ያገኛቸው እንደዚያ ሆነው ነው። አባትና ልጅ ያን ሁሉ ዘመን ተለያይተው ቆይተው ተገናኙ፤ ግን አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ሞት ለያቸው።

ኣማንን አታውቀውም፤ አንተ አስመራ ከመምጣትህ በፊት ነው ታጋይ ሆኖ የወጣው። አሁን ገዛ ባንዳ ያለውን የአባቱን ኦፊቺና ከፍቶ መኪና ይጠግናል። ሥራው ቀዝቃዛ ነው፤ ሚስቱም ልትወልድ ደርሳለች። የአባቱን ዕቃ ሲያገላብጥ የብድር ውላችንን አገኘና ፍርድ ቤት ከሰሰኝ። አንተን እንዳይከስ አሁን በመካከላችሁ ድንበር አለ። እኔ ግን ዋስ ነኝ፣ ቅርብ ነኝ፤ አባቴ የተወልኝ ሁለት ክፍል ቤት ደግሞ ከእኔም ይቀርባል። መጥሪያው ሲደርሰኝ "እዳ ከሜዳ" የምትለው አባባል ትዝ አለችኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ይኸው በእውነትም ከሜዳ መጣ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ቤቱን ከወሰዱት ክሳነትን ይዤ የት እገባለሁ? የኪራዩን ነገር አታንሳው። ከተመላሹ ብዛት የተነሳ አንድ ክፍል እንኳ በልመና ሆኗል።

ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ማመልከቻ የሚጽፉ ኣቦይ ንጋሲ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። በድሮው ጊዜ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ አማርኛቸው ከአንተም ይሻላል። ትርጉሙን ሰጠኋቸው። ትርጉሙን ያልኩህ፣ አሁን ፍርድ ቤቱ በትግርኛ ስለሚሠራ ኣማን ውሉን ገንዘብ ከፍሎ አስተርጉሞ ስላያያዘ ነው። ሽማግሌው አነበቡ፣ በጣታቸው ቆጠሩ፣ ከዚያ ፈገግ አሉ።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ ኣጆኺ! አትፍሪ፤ ይህን ነገር ይርጋ አግዶታል" አሉኝ።

"የቱ ይርጋ?" አልኳቸው።

እኔን የመሰለኝ ውሃ ክፍል አብሮህ ይሠራ የነበረው ይርጋ ነው፣ ያ ወፍራም መነጽር የሚያደርገው! ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖ ይሆናል፣ አንተ ነገሩን ሰምተህ ልከኸው ይሆናል ብዬ ልቤ ዘለለች። "ደጉ ነው የላከው?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

ሽማግሌው ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ። "ይህኛው ይርጋ የማንም ዘመድ አይደለም። ዕዳ ጠያቂ አጥቶ ዐሥር ዓመት ከተኛ፣ በቃ ይርጋ፣ አይቀስቀስ የሚል ሕግ ነው።"

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ግን ደጉ፣ አንተ ሰው ልከህልኝ ይሆናል ብዬ ያመንኩባት ያቺ ትንሽ ጊዜ እስካሁን ታመኛለች።

"የየትኛው አገር ዐሥር ዓመት ነው ታዲያ?" አልኳቸው። "ውሉ የተጻፈው በኢትዮጵያ ጊዜ ነው፤ ተበዳሪው ኢትዮጵያ ነው፤ እኔ ደግሞ እዚህ ነኝ።"

"የተዋዋላችሁት እዚህ፣ ገንዘቡ የተሰጠው እዚህ፣ ዋሷም እዚህ፤ ስለዚህ የሚታየው በዚህ ነው" አሉ። "ለነገሩ መንግሥት ተለወጠ እንጂ መጽሐፉ ያው የድሮው ነው፤ ከላዩ ቀነሱበት ጨመሩበት እንጂ። ዐሥር ዓመት እዚያም ዐሥር፣ እዚህም ዐሥር ነው። ያንቺ ዕዳ ደግሞ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው።"

"ዐሥራ ሰባት?" አልኩ። ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ተርጓሚው "ጥቅምቲ 1977" ብሎ ጽፎታል።

ገባህ አይደል? አንተ በዚያ በሚያምረው የእጅ ጽሑፍህ፣ በግዕዝ ቁጥር፣ ፲፱፻፸፯ ዓ.ም. ብለህ ጽፈሃል። ተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ገለበጠው። እዚህ አሁን ሁሉም ነገር የሚቆጠረው በፈረንጁ ነው፤ የወሩ ስም እንኳ ያው ጥቅምቲ ስለሆነ የሚጠረጥር የለም። በፈረንጁ ብንቆጥረውማ የውሉ ሰባ ሰባት ሰማንያ አራት መጨረሻ ላይ ነው የሚውለው። ዐሥር ዓመት የሞላው መስሎ ይታይሃል፤ ግን እንድንከፍል የተሰጠን አንድ ዓመት ነበር፣ የሚቆጠረውም ከዚያ ወዲህ ነው። ዕዳው በሕይወት አለ። እንዲያውም ዓመት ይቀረዋል።

ኣቦይ ንጋሲን ቀና ብዬ አየኋቸው። የድሮ ሰው ናቸው፣ ይህ አይጠፋቸውም። መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ፣ "እኔ የማነበው ፊቴ የተቀመጠውን ነው፣ ጓለይ" አሉኝ። መልሴን ጻፉልኝ፤ ይርጋ አግዶታል ተብሎ ገባ።

የተቀጠረው ቀን ደርሶ ቀረብን። ዳኛዋ ታጋይ የነበረች፣ ጸጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ሲያዩአት ልጅ የምትመስል ናት። ፊርማው የአንቺ ነው ወይ አለችኝ፤ እወ አልኩ። ሌላ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልጨመርኩም። ኣማንን "ጊዜው እንዳለፈ ታያለህ፤ የምትለው አለህ?" አለችው። "የለኝም" አለ። ለውሳኔ በሁለት ሳምንት ቀጠረችን።

እኔም ቤቴ ተረፈ ብዬ ደረጃውን ስወርድ ኣማን ከኋላዬ ጠራኝ። ሊጣላኝ መስሎኝ ቦርሳዬን ጨበጥኩ። እሱ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ወደ መሬት እያየ ነበር።

"ስምዒ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ገንዘቡ አይደለም ያቃጠለኝ" አለ። "ሰባ ሰባት ማለት ከረንን ነጻ ያወጣንባት ዓመት ናት። እኔ በዚያች ዓመት ነው የወጣሁት። ከመውጣቴ በፊት ለጫማ የሚሆን ስጠኝ ብዬ ኣቦይን ለመንኩት። 'ወደይ፣ ልጄ፣ ሳንቲም የለኝም' አለኝ። የጎረቤት ጫማ ተጫምቼ ሄድኩ፤ ጠቦኝ መንገድ ላይ ጣልኩት። ለእኔ የለኝም ያለ ሰው፣ በዚያችው ዓመት፣ ጥቅምቲ ላይ፣ ለአምሓራይ ሲሰጥ!" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ቀበርኩት። ከዚያ ወዲህ ግን መቃብሩ አልሄድኩም፤ አልሄድምም" አለ።

አፌ ተከፍቶ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዲት ቃል ብናገር ቤቴ ሊሄድ ነው። ኣጆኻ ብዬው አውቶቡሴን ያዝኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት አትጠይቀኝ። ልብስ ስሰፋ እጅጌውን ገልብጬ እሰፋለሁ፣ ሻሂ አፈላና እረሳዋለሁ። ከራስ በላይ ነፋስ እያልኩ ራሴን እመክራለሁ። ደግሞስ ምን ዋሸሁ? የተሳሳተው ተርጓሚው፣ የቆጠረችው ዳኛዋ፣ የከሰሰው እሱ፤ እኔ ያደረግሁት ዝም ማለት ብቻ ነው። ግን ልቤ አላረፈም፤ ያቺን ቀን የማውቃት እኔ ነኛ።

አንተም ነበርክ፤ ታስታውሰዋለህ። ኦፊቺናው ውስጥ ቆመን፣ አንተ አፍረህ አንገትህን ደፍተህ። እናቴ ያለችበት ቀበሌ ሰው አልቋል፣ አውሮፕላን ተሳፍሬ በአዲስ አበባ ዞሬ እህል ገዝቼ ካልደረስኩ አላገኛቸውም ስትላቸው፣ ኣቦይ ወልደኣብ ምን እንዳሉ አልረሳሁትም። ገንዘቡን በጋዜጣ ጠቅልለው እጅህ ላይ አስቀመጡና፣ "ወለድ የለውም፤ በእህል ላይ ወለድ አይወሰድም" አሉ። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞረው በትግርኛ፣ "የእኔንም ልጅ ማን እንደሚያበላው አላውቅም። እኔ የሰው እናት ካበላሁ አንዲት እናት የእኔን ታበላልኝ ይሆናል" አሉኝ። አንተ ትግርኛው በደንብ ስላልገባህ "ምን አሉ?" ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር፤ በመንገድ ነገርኩህ። ያን ቃል ያወቅነው ሦስት ሰዎች ነን። እሳቸው ሞቱ። አንተ ደሴ ነህ። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በእግሬ ገዛ ባንዳ ሄድኩ። ኣማን ከአንዲት አሮጌ ፊያት ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል። ስሙን ስጠራው ወጣ፤ እጁ በዘይት ጠቁሯል። ወንበር ሰጠኝ፣ ከጎረቤት ሻሂ አስመጣ፤ ሥርዓቱ የአባቱ ነው።

"ያ ሰባ ሰባት የአንተ ሰባ ሰባት አይደለም" አልኩት።

"ስንት ሰባ ሰባት አለ?"

"ሁለት ነው ያለው። ያንተው የከረን ነው። አምሓራይ ግን ሰባ ሰባት ሲልህ ረሃብ ማለቱ ነው፤ ዕድሜውን እንኳ በዚያ ይቆጥራል። ወረቀቱ የተጻፈው በእነሱ ቁጥር ነው። በፈረንጁ ሰማንያ አራት ነው። በአንተ ሰባ ሰባትማ ባሌ አስመራን በካርታ እንጂ በዓይኑ አይቷት አያውቅም።"

እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ጠርጎ ጠርጎ አላቆምም አለ። "ይህን ነገር ትምህርት ቤት እያለሁ አውቀው ነበር" አለ። "ሰባ ሰባት የሚለውን ሳይ ግን ሌላ ነገር አልታየኝም። በሰማንያ አራት እኔ ሳሕል በረሃ ነበርኩ። ኣቦይ ልጄ ሞቶ ይሆናል ብሎ..."

"አልሞተም ብለው ነው የሰጡን" አልኩት፤ ቃሉንም ነገርኩት። በራሳቸው ትግርኛ፣ እንዳሉት፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ።

ያ ሰው፣ ጦር ሜዳ የከረመ ሰው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በያዘው ጨርቅ ዓይኑን ሲጠርግ ዘይቱ ፊቱን አጠቆረው፤ ልብም አላለው። ስለ ጫማው እኔ የማውቀው ነገር የለም። ግን "እንዳትሄድባቸው ብለው ይሆናል" አልኩት፤ እሱም "እወ፣ ይሆናል" አለኝ።

ቆይቶ፣ "ስለዚህ ዕዳው አልሞተም ማለት ነው?" አለ።

"አልሞተም።"

"ለምን ነገርሽኝ ታዲያ? ቤትሽን አድነሽ አልነበር?"

"ደክሞኝ ነው" አልኩት።

ወንበሩን ወደ እኔ ስቦ ተቀመጠ። "ተውኩልሽ ብልሽ ደስ ይለኛል፤ ግን አልችልም። የምትወልድ ሚስት አለችኝ፣ በኪሴ ምንም የለኝም። ኣቦይ ቢሆን ይተውልሽ ነበር፤ እኔ ግን እሱን አይደለሁም።" ይህን ሲል አፍሮ ነበር። እኔ ግን አልተቀየምኩትም፤ ያልሆነውን ሆኖ ቢያታልለኝ ነበር የሚከፋኝ። ቤቱን እንደማይነካ፣ በየወሩ ከምሰፋው ላይ ትንሽ ትንሽ እንድሰጠው፣ ወለድም እንደሌለው ተስማማን። የአዲሱን ልጅ ልብስ ደግሞ እኔ እሰፋለሁ፤ ይህቺ ከውሉ ውጭ ናት።

ስምምነቱን እንዲጽፉልን ኣቦይ ንጋሲ ዘንድ ሄድን። ጉድ እኮ ነው፣ ብዕራቸውን አስቀምጠው አንዴ እኔን አንዴ እሱን ያያሉ። "ጓለይ፣ የሞተ ዕዳ ቀስቅሶ ጡት የሚያጠባ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም" አሉኝ። ከዚያ ማስጠንቀቅ ግዴታዬ ነው ብለው አስረዱኝ። ባለዕዳ "አለብኝ" ብሎ በጽሑፍ ካመነ፣ ያለፈው ዘመን ሁሉ እንዳላለፈ ይሆናል፤ ቆጠራው ከዚያች ቀን ጀምሮ እንደ አዲስ ይጀምራል።

"አንዲት ቃል ብቻ?" አልኳቸው።

"አንዲት ቃል ብቻ። ፊርማና ቀን ካለበት።"

ፈረምኩ። ዳኛዋም አይታ መዝገቡን ዘጋችው። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ኣማንን ከሚስቱ ጋር አየሁት፤ እሷ በዝግታ ትራመዳለች፣ ወደ መካነ መቃብሩ የሚወስደውን መንገድ ይዘዋል። ሰላም ልበላቸው ብዬ ተውኩት።

እንግዲህ ወሬዬ ይኸው ነው። ገንዘብ ላክ አልልህም፤ ይኑርህ አይኑርህ አላውቅም። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ ኣልማዝ ናት፤ ሸቀጥ ይዛ እናንተ ጋ ትመላለሳለች። ባለፈው ደሴ ገበያ ላይ እንዳየችህ ነግራኛለች። ደህና ነው፣ አልከሳም፣ ብቻውንም አይደለም አለችኝ። ከደብዳቤው ጋር አንዲት ትንሽ ሹራብ አለች፤ ልኩን ኣልማዝ በእጇ አሳይታኝ ነው የሠራሁት። የደሴ ብርድ ለሕፃን ክፉ ነው። ብትሰፋው ያድጋል።

ያኔ ስትሄድ፣ የሚወስዳችሁ መኪና ላይ ሆነህ፣ "እናትሽ ሲሻላቸው ልጅቷን ይዘሽ ትመጫለሽ" አልከኝ። እናቴ ሳይሻላት ሞተች። እስከዚያ ደብዳቤህ ቆሞ ነበር። ወቀሳ አይደለም። በዚያ ዘመን ማንም የፈለገውን አልሆነም።

አንድ ነገር ኣቦይ ንጋሲን ልጠይቃቸው ብዬ አፈርኩ። ሰውና ሰው የሚገባባው ቃልስ ይርጋ አለው ወይ? ካለውስ የሚታየው በአንተ አገር ሕግ ነው ወይስ በእኔ? ሽማግሌው ይስቁብኝ ነበር። ስለዚህ የምጠይቀው አንተን ነው። ና አልልህም፤ አሁን መምጣት ለማንም አይበጅም። ሌላ ቤት እንዳለህም ልቤ ተቀብሎታል፣ ወይም እየተቀበለ ነው። ግን አንዲት ወረቀት ውሰድና በዚያ በሚያምረው ጽሑፍህ "ጽገ፣ አለብኝ" ብለህ ጻፍልኝ። ምን እንዳለብህ አትዘርዝር፤ እኔም አልቆጥርብህም። ክሳነት አማርኛዋ ሳይጠፋ እንድታነበው ነው። ፈርምበት። ቀኑንም ጻፍበት፤ በፈለግከው አቆጣጠር።

የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ፤ በሕይወት ስላሉ ብቻ እንኳ ደስ ይለኛል። ጌታ ደጅህን ክፍት፣ እንጀራህን ሙሉ ያድርግልህ፤ ልጆችህን ሁሉ፣ እዚህም እዚያም ያሉትን፣ ያሳድግልህ።

ዋስህ፣
ጽገ